ለፈጣኑ ሙፍቲያችን የቀረበ ምስጋና

ውለታ መርሳት ደግ አይደለም። ስለዚህ ስልኩን በግራ እጁ፣ ጀነትና ጀሃነምን በቀኝ አውራ ጣቱ ይዞ፣ ራሱን ሙፍቲ (የሃይማኖት ብይን ሰጪ) አድርጎ የሚውለውን ወንድማችንን ላመሰግን ተነስቻለሁ። ድሮ ወሎ፣ ዳና ወርዶ ዕድሜውን በደረሳነት (በሃይማኖት ተማሪነት) የፈጀ ሸይኽ እንኳ «እገሌ ከፈረ ወይ?» ሲባል ጭንቅ ይይዘው ነበር። «ምን ብሎ ነው? ምን ማለቱ ነው? ተገዶ ይሆን? ሳያውቅስ እንደሆነ?» እያለ ቀኑን ያመሻል። የጊዜ ብክነት! የእኛው ሙፍቲ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ሦስት ሰው ከእስልምና አስወጥቶ አራተኛውን ይጀምራል።

ባለፈው ረመዷን አንድ የሰፈራችን ልጅ ከረመዷኑ የሌሊት ሰላት፣ ከተራዊሕ መልስ «ሃያ ረከዓ! ጉልበቴ ከኢማሙ ቀድሞ አሰላመተ (ሰላቱን ጨረሰ)» ብሎ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ሙፍቲያችን ከተፍ አለ።

«በሰላት ቀለድክ፤ ከፍረሃል። ሸሃዳህን (የእምነት ምስክርነትህን) አድስ፤ ኒካህህንም (ጋብቻህንም) እንደገና እሰር!»

«ወንድሜ፣ እኔ ላጤ ነኝ።»

«እንግዲያው አግባና እሰር!»

በዚህ ኑሮ ለላጤ እንዲህ የሚጨነቅ ማን አለ?

ማስረጃውም ከኪሱ አይጠፋም፤ ከቁርኣን ሱረቱ ተውባ፣ አንቀጽ 65 እና 66። በተቡክ ዘመቻ ጊዜ ሲያላግጡ ተገኝተው «ስንጫወት ነበር» ያሉትን ሰዎች ሰበብ ውድቅ ያደረገው አንቀጽ ነው። ከባድ ነው፤ እሱ ላይ እኔም አልቀልድም። የሚናገረው በአላህ፣ በአንቀጾቹና በመልክተኛው ስለሚያላግጡ ነው። የልጁ ጉልበት መቼ እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንደገባች ግን ሙፍቲያችን ብቻ ያውቃል።

ልጁስ? ምክሩ ፍሬ አፍርቶበታል። ወስዋስ (የማያባራ ጥርጣሬ) ይዞት «እንዴት አደርክ?» ስትለው መጀመሪያ ሸሃዳ ይይዛል፣ ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ከዚያ «አሁን ያልኩት ችግር የለውም አይደል?» ብሎ ይጠይቅሃል። መሳቅማ ትቷል።

ሙፍቲያችን ዘግይቶ መወለዱ ይቆጨኛል። ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ መጽሐፍ የተነገረለት፣ በረሃ ላይ ግመሉ ጠፍታበት ሞቱን ሲጠብቅ ድንገት ያገኛት ሰው፣ ከደስታው ብዛት ምላሱ ተገልብጦ «አላህ ሆይ፣ አንተ ባሪያዬ ነህ፣ እኔ ጌታህ ነኝ» አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ከደስታው ብዛት ተሳሳተ» ብለው አለፉት። ሙፍቲያችን በቦታው ቢኖር ስክሪንሹቱን አንስቶ ግመሏንም ይወርስ ነበር።

የነቢዩ ባልደረባ ኡሳማ ኢብን ዘይድም በጦር ሜዳ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ያለን ሰው «ፈርቶ ነው» ብሎ በገደለ ጊዜ ነቢዩ «ልቡን ሰንጥቀህ አይተሃል?» አሉት። ኡሳማ ምን ያድርግ፣ ኔትወርክ አልነበረማ! የእኛው ልብ የሚያነበው ከፕሮፋይል ፎቶ ነው።

ወንድሙን «ካፊር» ያለ ሰው ቃሉ ከሁለቱ ወደ አንዱ ይመለሳል የሚል ሐዲስ እንዳለም ይታወቃል። ሙፍቲያችንን ጠይቄው ነበር። «ለእኔ እስካሁን የተመለሰ የለም» አለኝ፣ ፖስታ ቤት የሚጠይቅ ይመስል።

ትናንት ደግሞ ያ ልጅ ፈራ ተባ እያለ «ተውበት አድርጌአለሁ፣ ዱዓ አድርግልኝ» ብሎ ጻፈለት። ሙፍቲያችን ጊዜ አላጠፋም።

«ወላሂ፣ አንተን አላህ አይምርህም!»

ከሥሩም ሦስት በሳቅ የሚያለቅሱ ፊቶች ደረደረ።