ተዝካር በሁለት ጎማ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ቡናው እስኪፈላ ስጠብቅ በስልኬ አንድ መልእክት ገባ። ላኪው የነፍስ ኄር ወዳጄ የሻምበል ልጅ ነው። ልጁ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ ጨዋ፣ ሥራውን የሚያከብር፣ ባገኘኝ ቁጥር «ጋሼ» ብሎ ጎንበስ የሚል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ለእሱ ያለኝን ፍቅር እንደማይነካ አስቀድሜ ላስመዝግብ። መልእክቱ እንደሚለው አባቱ በልብ ሕመም ያረፉበትን ዕለት ምክንያት በማድረግ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከላንድስ ኤንድ ተነሥቶ፣ በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ እስከምትገኘው እስከ ጆን ኦ ግሮትስ ድረስ 874 ማይል፣ ማለትም 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በብስክሌት ይጓዛል፤ እኔም ይህን መነሻ አድርጌ ለልብ ሕመም ምርምር የሚውል ገንዘብ እንድለግስ በትሕትና ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ያናደደኝ የሚከተለው አንቀጽ ነው። «አባቴን ለማታውቁት» ብሎ ይጀምርና ሻምበል የት እንደ ተወለዱ፣ በምን ምክንያት እንደ ተሰደዱ፣ እንዴት ያሉ ትሑት ሰው እንደ ነበሩ በዝርዝር ይተርክልኛል።

ለእኔ! ሆስፒታል ተኝተው የቀረበላቸውን ሾርባ «ይህ የታጠበ ድስት ውኃ ነው» ብለው ሲመልሱ ማንኪያውን ይዤ ለነበርኩት፣ ሣጥናቸውን በትከሻዬ ተሸክሜ፣ የመቃብሩ ጭቃ በጫማዬ ላይ ደርቆ ቤቴ ለገባሁት!

አበው ለእንዲህ ያለው ነገር «ለቀባሪው አረዱት» ብለዋል። ከተረትና ምሳሌዎቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። አካፋውን አስደግፎ ላቡን የሚጠርግ ሰው፣ ከኋላው እያለከለከ የደረሰ ሌላ ሰው፣ የሁለተኛው ሰው ድንጋጤ፣ የአንደኛው ሰው ፊት፣ ይህ ሁሉ ገና ሲነገር ይታየኛል። ባንኩ ሒሳቤ ማነሱን በደብዳቤ ሲያስታውቀኝ፣ ለንደን ላይ የአየር ትንበያው ዝናብ እንደሚኖር ሲያበሥረኝ፣ ሐኪሙ ጉልበትዎ አርጅቷል ሲለኝ፣ መልሴ ይኸው ምሳሌ ነው። ባለቤቴ እንግዳ ባለበት እንዳልደግመው ከልክላኛለች፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ልክክ ብሎ የገጠመበት ቀን አላስታውስም።

መልእክቱ በዚህም አያበቃም። «አባቴ መንገድ ይወድ ነበር» ይላል። ሻምበል ለንደን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡስ የነዱ ሰው ስለሆኑ መንገድ መውደዳቸውን አልክድም፤ የሚወዱት መንገድ ግን ብስክሌት የማያልፍበትን ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፦ በዚህ ከተማ በአብዛኛው የአውቶቡስ መስመር ላይ ብስክሌተኛ መጓዝ ይፈቀድለታል። በመሆኑም ሰማንያ ሰው የጫነ አውቶቡስ፣ ጠባብ ሱሪ ከለበሰ ከአንድ ቀጭን ሰው ኋላ የሚያዘግምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሻምበል ይህን ጊዜ እንደ ግል በደል ይቆጥሩት ነበር። ፈረቃቸው ሲያበቃ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበትን የሻይ ፔርሙዛቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና፣ «አሁን ይህ ሰው ሚስት የለችውም? ‹ኧረ በዚህ ዕድሜህ እግርህን አታወራጭ› የሚለው ዘመድ አጣ?» እያሉ የዕለቱን ብስክሌተኛ ይከሱልኝ ነበር። ክሱ በየቀኑ አዲስ ነበር፤ ፍርዱ ግን አንድ ነው። እንግዲህ የእኒህ ሰው መታሰቢያ የሚደረገው የዕድሜ ልክ ባላጋራቸውን በመጋለብ ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ እራት ላይ ሲሰማው ነው ያደገው።

ብስክሌት ለእኛ ባዳ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿንም አሰልፋለች፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ብስክሌተኛ ባይ ኮፍያዬን አነሣለታለሁ። ቅር የሚለኝ የዚህኛው ጉዞ ተራራ ሲወራ ነው። የመንገዱ አዋቂዎች በጣም አድካሚው ገና መነሻው ላይ ያሉት የኮርንዎልና የዴቨን አውራጃዎች ዳገት እንደሆነ፣ ነፋሱም አዘውትሮ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላ እንዲገፋ ሲባል ከደቡብ ወደ ሰሜን መጓዝ እንደሚመረጥ በቁም ነገር ይናገራሉ። ይናገሩ። ነገር ግን ከመላው ብሪታንያ ከፍተኛው ተራራ፣ ቤን ኔቪስ፣ 1,345 ሜትር ነው። ሻምበል በልጅነታቸው በግ የጠበቁበት የደብረ ብርሃን ሜዳ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ልጃቸው በዚህች አገር የትኛውም ጫፍ ላይ ቢወጣ የአባቱን ሜዳ ግማሽ አይሞላም። መርካቶ ሽንኩርት ለመግዛት የወጣች ሴት እንኳ ከቤን ኔቪስ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትከራከራለች፤ ለእሷ ግን በየማይሉ የሚለግስላት አልተገኘም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሕመሙ አለ፤ ተመራማሪው አለ፤ ገንዘቡም፣ ጥቂት ቢሆን፣ ኪሴ ውስጥ አለ። ታዲያ ብስክሌቱ በመሐል ምን ጥልቅ አደረገው? ማይክል ብሮድዊዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ2018 ይህንኑ መንገድ በ43 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ጨርሶታል፤ የሻምበል ልጅ ሁለት ሳምንት ሊፈጅበት አስቧል። የሁለቱ ላብ ለልብ ሕሙማን የሚጠቅመው እኩል ነው ወይስ ቀስ ያለው ይበልጣል? እዚህ አገር ስኖር እንደተረዳሁት እንግሊዛዊ ገንዘብ መጠየቅ ያፍራል፤ መከራ እየተቀበለ መጠየቅን ግን አያፍርም። በየዓመቱ ከለንደን እስከ ብራይተን 54 ማይል ለልብ ሕሙማን የሚጋልበው ሕዝብ፣ መዳረሻው ላይ ዲችሊንግ ቢከን የሚባለው አቀበት ሲገጥመው ብዙው ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል። በለንደን ማራቶን የአውራሪስ ቅርጽ ለብሶ 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጥም አይቻለሁ፤ ለአውራሪሶች ነው። ሥቃዩ በታየ መጠን ኪስ ይፈታል።

እኛ ደግሞ ሳንበላ አንሰጥም። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ከዚያም ሰባት ዓመት እያልን ሟችን የምናስበው በጸሎቱ ነው እንላለን እንጂ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚነገረው ስለ ወጡ ነው። ለአባቱ ተዝካር በሬ ጥሎ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ በዕዳ የተዘፈቀውን ባለ ርስት አያቶቻችን በስም ያውቁት ነበር። የሻምበል አርባ ጾም ላይ ስለዋለ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የቀረበው ምስርና ሽሮ ነበር። ሻምበል ታመው በተኙበት ጊዜ ጥላው እንኳ ያልታየ አንድ ሰውዬ፣ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ከቀዳ በኋላ፣ «ሽሮው ቀጥኗል» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለቤታቸው አጠገቡ ቆመው ውኃ ያድሉ ነበር። ያን ዕለት በሆዴ የያዝኩት አለ፤ አልለቀቀኝም። በዚህ ረገድ ብስክሌቱን አመሰግናለሁ፤ ጆን ኦ ግሮትስ ላይ ሽሮው ቀጠነ የሚል የለም።

ሌላም የማመሰግነው ነገር አለ። በዚህ አገር ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ለበጎ አድራጎት አንድ ፓውንድ ሲሰጥ፣ ቅጹ ላይ ምልክት ካደረገ፣ ድርጅቱ ከመንግሥት 25 ሳንቲም ይጨመርለታል። ለተዝካር ግን የጤፉን ሩብ የሚከፍል መንግሥት እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። የሻምበል ልጅ ማደሪያውንም ምግቡንም ከራሱ ኪስ እንደሚችል ጽፏል፤ ካርቦን ከተባለው ቀላል ነገር የተሠራው ብስክሌቱ ዋጋው ሊሰበስብ ካሰበው ገንዘብ እንደሚበልጥ ባውቅም ይህን አልፈዋለሁ። የማላልፈው ከሰበሰቡት ላይ ለራሳቸው ሆቴልና አውሮፕላን የሚቀነስላቸውን ነው። ለእናቱ መታሰቢያ ከቬትናም እስከ ካምቦዲያ የሚጋልብ ሰው ገንዘብ ሲጠይቀኝ፣ የምከፍለው ለሕሙማኑ ነው ወይስ ለእሱ መዋኛ ገንዳ የማወቅ መብት አለኝ። ሐዘን ሐዘን ነው፤ ሽርሽርም ሽርሽር ነው። ሁለቱን አንድ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ክብደቱን ለወዳጅ ማሸከም ድፍረት ይባላል። ስጠይቅ ደግሞ «ሰው ለአባቱ እየሠራ አንተ ሒሳብ ትመረምራለህ?» ይባላል። አዎ፤ እመረምራለሁ። የሞተ ሰው ስም ሲጠራ አፍ የሚዘጋበት አገር ሒሳብ አይዘጋም።

በዚህ ንዴት ውስጥ ሆኜ ገጹን ስከፍት የለጋሾቹ ዝርዝር ከነሰጡት መጠን ተደርድሮ አገኘሁት። የመጀመሪያው ሰው ሃምሳ ስለሰጠ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ ሃምሳ ነው የሰጡት፤ አንድ ምስኪን ብቻ ሃያ ሰጥቶ ስሙን ደብቋል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። የአገራችን ሰው እዚህ ሲያርፍና አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ሲዋጣ፣ ዛሬ ጎፈንድሚ በሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ይሁን እንጂ፣ ድሮ አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ተስቦ፣ ባለ መስመር ደብተር ተዘርግቶ፣ አንድ ጸሐፊ ይቀመጥ ነበር። ጸሐፊው ማን ነበር? ሻምበል! የሞተ አይወቀስም፤ ይህችን ግን ልናገራት። በአንዱ መዋጮ ላይ ሃምሳ ፓውንድ ሰጥቼ፣ ሻምበል በዚያ በተከበረ የወታደር ቤት የእጅ ጽሕፈታቸው ስሜን ብቻ ጽፈው የአባቴን ስም ተዉት። የእኔ ስም ደግሞ በአንድ ሠርግ ላይ ቢጠራ አራት ሰው የሚዞርበት ስም ነው። ዝርዝሩ በተነበበ ጊዜ፣ በዚያ ቀን ባዶ እጁን የመጣው ሞክሼዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ሰው አጨበጨበለት። ሻምበልን ቀርቤ ብነግራቸው፣ «እግዜር ያውቀዋል» አሉኝ። እግዜር ማወቁን መቼ ተጠራጠርኩ? ያላወቀው አዳራሹ ነው። ሞክሼዬ እስከ ዛሬ «ያ ደግ ሰው» ይባላል፤ እኔም «ያኛው» እባላለሁ።

ስለዚህ ወደ ልጁ ጥያቄ ስመለስ ጊዜ አላጠፋሁም። ሃምሳ ፓውንድ ሰጠሁ፤ የግብር ከፋዩን ምልክት አደረግሁ፤ ድረ ገጹ ለራሱ ጉርሻ ሲጠይቀኝ ዜሮ ላይ ጎትቼ አስቀመጥኩት፤ ስም ከሚለው ቦታ ላይ የእኔን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ከነማዕረጋቸው ሞላሁ። ብስክሌትን በሚመለከት የነበረኝን ሐሳብ ለመልካም ምኞት በተተወችው ጠባብ ቦታ ላይ ላሰፍር ስጀምር ቡናው ስለ ቀረበ ተውኩት።

በማግሥቱ የሻምበል ባለቤት ደወሉ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ዝርዝሩን ልጁ እያነበበላቸው ነበር፤ እዚህ አገር ስላደገም የመጀመሪያውን ስም ብቻ እየጠራ ያልፋል። «ሰማህ? ያ ደግ ሰው ዛሬም አልቀረም፤ ሃምሳ ፓውንድ!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ደስ ደስ ይለው ነበር። አፌን ለመክፈት ስዘጋጅ፣ «እባክህ ስልኩ ካለህ ላክልኝ፣ ደውዬ ላመስግነው» ብለው ጨመሩ።

ቁጥሩን ላክሁላቸው።