ሁለት የአባት ስም ያለውን ቅድመ አያት «ለማስተካከል» አንቸኩል

የትውልድ ሐረጋቸውን እያጠናቀሩ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚያወጡ ቤተሰቦች በዝተዋል። ደግ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰነካከላሉ፤ ቅድመ አያት በአንዱ ወረቀት የእገሌ ልጅ፣ በሌላው ወረቀት የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ወይ ሽማግሌ ተሰብስቦ «ትክክለኛው ይሄኛው ነው» ይልና ሌላው ስም ይሰረዛል፣ ወይም አንዱ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ያልተወለደ ወንድም ይበቅልለታል። ሁለቱም ጥፋት ናቸው፤ የከፋው ግን ስረዛው ነው ባይ ነኝ። የሌለ ወንድም በኋላ ሊታረም ይችላል፤ የተሰረዘው ስም ግን ለቀጣዩ ፈላጊ ብቸኛው በር ሊሆን ይችል ነበር።

የቤተሰብ ስም የሚባለው በልማዳችን የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ አልተከተለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኖረ አብዛኛው ሰው ስሙን አንድ አድርጎ የሚያጸናለት መዝገብ አልነበረውም። በምን ስም እንደሚጻፍ የሚወስነው ጸሐፊው ማን ነው፣ ጉዳዩስ ምንድን ነው የሚለው ነበር። ለዘመቻ የጻፈው፣ ለርስት ክርክር የጻፈው፣ ለፍትሐት የጠራው ቄስ፣ ሦስቱም አንዱን ሰው በየራሳቸው መንገድ ያውቁታል።

ከፈረስ ስም፣ በጦር ፈረስ ስም ለባለቤቱ ከሚወጣው መጠሪያ፣ እንጀምር፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነውና። የዐድዋው ጀግና ደጃዝማች ባልቻ አንዳንዴ ባልቻ ሳፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብሎ ይጻፋል። አባ ነፍሶ የፈረስ ስሙ ነው። የአገሩን ልማድ የማያውቅ ሰው፣ በተለይ ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ የልጅ ልጅ፣ «አባ ነፍሶ» ከሚባል አባት የተወለደ ሁለተኛ ባልቻ ቢፈጥር አይገርምም። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸው የታወቀ ስለሆነ ማንም አይሳሳትም፤ በአንድ ወረዳ ብቻ የሚታወቅ ባላምባራስ ሲሆን ግን ማን ያርመዋል? ስለዚህ ከግል ስም ቀጥሎ «አባ» የሚል ካያችሁ እንደ አባት ስም ከመመዝገባችሁ በፊት ቆም በሉ። ቆም በሉ ማለት ግን ሁሌ የፈረስ ስሙ የራሱ ነው ማለት አይደለም። ጅማ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የመጨረሻው የጅማ ንጉሥ አባ ጆቢር አባ ዱላ ሲባል አባ ዱላ በእርግጥም የአባቱ መጠሪያ ነው። ደንቡ እንደየአገሩ ነው።

የማዕረግና የሃይማኖት ለውጥ ሌላው ምንጭ ነው። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በታሪክ የሚታወቁት ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነው። ከንግሡ በፊት የተጻፈ ወረቀት ግን አባትየውን የሚያውቃቸው በአዳልነት ብቻ ነው። አባቱ ስሙን የቀየረ ልጅ የአባት ስሙ አብሮ ይቀየራል፤ እሱ ራሱ ምንም ሳያደርግ። ወሎ ደግሞ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ከታዘዘበት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ስሙን የቀየረው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነዋል። የወሎን ሐረግ የምትከታተሉ ከሆነ ከዚያ ዓመት ወዲህና ወዲያ ያሉትን ወረቀቶች ለየብቻ አስቀምጡ። አንዱ ወንድም ስሙን ቀይሮ ሌላው ሳይቀይር የቀረበት ቤትም አለ፤ የሁለቱ ልጆች በስም ሲታዩ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ።

የክርስትና ስም ነገር ይለያል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚወጣው ስም በፍትሐት፣ በተዝካርና በዝክር ላይ ይነሳል እንጂ በአደባባይ ብዙም አይነገርም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ወለተ ሚካኤል፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሣህለ ማርያም ነበሩ። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፈ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ ወይም የመጽሐፍ ባለቤትነት ቃል በአብዛኛው ይህን ስም ይይዛል፤ የአባት ስም ላይኖረውም ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ስትጠይቁ «ስሙ ማን ነበር?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ተዝካሩ በማን ስም ነው የወጣው?» በሉ። ንስሐ አባቱ የየትኛው ደብር ቄስ እንደነበሩ ጠይቁ። ማን እንዳሳደገው ጠይቁ። ይህችኛዋ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ትሠራለች፤ ከአያቱ ወይም ከአጎቱ ቤት ያደገ ልጅ በአሳዳጊው ስም ትምህርት ቤት መግባቱ የትናንት ነገር ነው። በጉዲፈቻ ወይም በጡት ልጅነት የተወሰደም በአሳዳጊው ይጠራል። በጌታው ስም የተጠራ ባሪያ የነበረ ሰው በሐረጉ ውስጥ ካለ ደግሞ ቤተሰቡ ዝም ሊል ይችላል፤ አታስጨንቁ፣ ግን ክፍተቱን በፈጠራ አትሙሉት።

ብራናዎቹን ለማየት ገዳም ለገዳም መዞር ሁልጊዜ አያስፈልግም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተቀርጸዋል፤ ቅጂዎቹ አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ ብዙዎቹም በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። አዲስ አበባ ውስጥም ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉ። ስትፈልጉ ታዲያ በሀ፣ በሐ እና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ ሁሉንም ሞክሩ፤ ገብሬን በገብረ፣ ኃይሌን በኃይሉና በኃይለ። በላቲን ፊደል የተዘጋጀ ማውጫ ከሆነ ወልደ በእንግሊዝኛው በደብልዩ፣ በጣሊያንኛው በዩ፣ በፈረንሳይኛው በኦ ሊጀምር ይችላል። አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት የሚሆነው በሌላ በምንም ሳይሆን በዚህ ነው።

የመሬት ወረቀት የራሱ ወጥመድ አለው። ጎጃም ውስጥ ርስት በአቅኚ አባት (መሬቱን መጀመሪያ ባቀናው) እና በምንዝር አባት (ከእሱ በወረደው የንዑስ ክፍል አባት) ስም ይከፋፈል ስለነበር ግብሩም በሞተ ሰው ስም ለረጅም ዘመን ሊከፈል ይችል ነበር። በደረሰኙ ላይ ያለውን ስም በዚያ ዓመት በሕይወት እንደነበረ ሰው ከወሰዳችሁ ቅድመ አያታችሁን መቶ ሃያ ዓመት ታኖሩታላችሁ። ርስት ደግሞ በእናትም ይቆጠር ነበር። ተከራካሪው መሬቱ በእናቱ በኩል ከሆነ ቆጠራውን የሚያወርደው በእናቱ አባት ነበር፤ ሁለት መሬት ቢኖረው በሁለት ሐረግ ይሟገት ነበር። አልዋሸም፤ ሁለቱም የእሱ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የቆጠረ ሽማግሌና ለርስት የቆጠረ ሽማግሌ የተለያየ ዝርዝር ቢሰጧችሁ ለምን እንደቆጠሩ ጠይቁ።

እንደ ፈረንጅ ሁለት የቤተሰብ ስም የያዘ ሰው ማየት የሚፈልግ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን መዝገብ ይመልከት። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ስትወድቅ ትንሽ ልጅ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር ይዞት ወደ ህንድ ሄደ። ቻርልስ የሚለውን ስም ካሳደገው ከኮሎኔል ቻምበርሌን፣ ማርቲን የሚለውን በኋላ ከረዳው ከሌላ ኮሎኔል አገኘ። በእንግሊዝ ወረቀት ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ነው፤ ቻምበርሌን ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፣ እሸቴ ብሎ የሚፈልግም እንዲሁ። ከዐድዋ በኋላ በሕክምና ሥራ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘመዶቹ የለዩት በስም አይደለም፤ አያቱ በሰውነቱ ላይ በነበረ ጠባሳ ነው ያወቁት። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የገደላቸው ልጆቹ ቢንያምና ዮሴፍም በውጭ ጽሑፍ ማርቲን፣ በአገር ቤት ወርቅነህ ይባላሉ። ከሁለቱ ስም አንዱ ቢሰረዝ የሰውየው ግማሽ ሕይወት ይጠፋል፤ ማርቲንን ብትሰርዙ የህንዱ ዘመኑ፣ ወርቅነህን ብትሰርዙ ዘሩ።

ጠባሳው የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ሁለት ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ከስም ውጭ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ስሙ የተገኘበትን እያንዳንዱን ቦታ በአንድ ካርድ ላይ ጻፉ። ስሙን እንደተጻፈው፣ ፊደሉን ሳታርሙ። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ። አጠገቡ የተጠሩት እነማን ናቸው፤ ሚስት፣ ዋስ፣ ምስክር፣ ነፍስ አባት። ምድሩና ደብሩ የት ነው። ካርዶቹን ማወዳደር ያለባችሁ ሁሉም ከተጻፉ በኋላ ነው። ከስም ውጭ ቢያንስ ሁለት ነገር፣ ከተለያየ ምንጭ የመጣ፣ ከገጠመና የሚያፈርሰው ነገር ከሌለ አንድ ሰው ነው በሉ። ሚስት አለመግጠሟ ብቻውን አያፈርስም፤ በሰማንያ ተጋብቶ መፍታትና ሌላ ማግባት የተለመደ ነበር። ከሞተበት ዓመት በኋላ የፈረመው ወረቀት ግን ያፈርሳል፣ ቀኑ በትክክል ከተነበበ።

ቀን ማንበብም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ያለውን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይጨመራል፤ ይህን ያልጠበቀ ሰው በአንድ ዓመት ስህተት ሁለት ሰው ይፈጥራል። ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉና፣ «በዘመነ ማቴዎስ» የሚል ብቻ ካገኛችሁ በምትጠረጥሩት ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ጨምራችሁ ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። አዳል የነገሡበት 1873 ሲደመር 7373 ይሆናል፤ 1 ይተርፋል፣ ማቴዎስ ነው። በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ዓመቱን አይነግራችሁም፤ የማይሆነውን ዓመት ግን ያስወግድላችኋል።

አሁን ያለነው ትውልድ ደግሞ ለልጅ ልጆቹ የባሰ ቋጠሮ እያሰረ ነው። አሜሪካ የገባ አንድ ወንድም የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጋል፤ ልጆቻቸው በወረቀት ባዕድ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ከገቡት መካከል የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበላቸው ብዙ ናቸው። ወደ ሳዑዲ ለሥራ የሄዱ ክርስቲያን ሴቶችም በሙስሊም ስም ፓስፖርት አውጥተው የሠሩ አሉ። ያ ፓስፖርት ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደማያስፈልግ ወረቀት ይጣላል። አትጣሉት፤ ቅጂውን ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ፋይል አኑሩት፣ በጀርባው ላይም የእናንተ መሆኑን በአማርኛ ጻፉ።

የዘረመል ምርመራ ይገላግለናል የሚሉ አሉ። በከፊል ነው። ከሁለቱ ስሞች በወንድ ወንዱ የሚወርዱ ሁለት ወንዶች የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ቢያደርጉና ቢገጥም የጋራ የወንድ አባት አላቸው ማለት ነው፤ ያ የጋራ አባት ቅድመ አያቱ ራሱ ይሁን ከእሱ በላይ ያለ ሰው ግን አይለይም። ካልገጠመ ደግሞ ሐረጉ ሐሰት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ቅድመ አያቱ የጡት ልጅ ከነበረ ደሙ ወደ አንዱ ስም፣ ርስቱና ስሙ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ በሐረጉ ላይም ሁለቱም ስሞች በየምንጫቸው ተጽፈው መቀመጥ አለባቸው።