ሰሙ ሳይነበብ ወርቅ ፍለጋ

ቴሌግራም ላይ ከሚዘዋወሩት የልብ ወለድ «ትንተና» ፋይሎች አንዱን ከፍቶ ያየ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል። ጭብጥ፦ ፍቅርና የባላባት ሥርዓት። መቼት፦ ጎጃም፣ ድሮ። ተምሳሌት፦ መንገዱ ሕይወትን፣ ወንዙ ጊዜን፣ ጨለማው ድንቁርናን ይወክላል። አለቀ። ተማሪው ይህንኑ ገልብጦ ያስረክባል፤ መምህሩም አርሞ ይመልስለታል። መጽሐፉ ተነብቦ እንደሆነ ግን ከመልሱ ላይ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ ሐዋሳ ከንባብ ወዳጆችና ከጀማሪ ጸሐፊዎች ጋር ተሰብስበን አጫጭር ልብ ወለዶችን እያነበብን እንወያያለን። ልማዱ እዚያም ተከትሎን ገብቷል። ታሪኩ ተነብቦ ሳያልቅ «ሐይቁ የምን ተምሳሌት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ታሪኩ ውስጥ ሐይቅ ከሌለ ደግሞ ዛፍም ይሁን ወፍ አንድ ነገር አይጠፋም። በእኔ አስተያየት የአተናተናችን ቅደም ተከተል ተገልብጧል። መጀመሪያ መታየት ያለበት መቼቱ ነው፤ ያ ቦታና ያ ዘመን ሰዎቹን ምን እንደሚያስደርጋቸው፣ ምን እንደሚከለክላቸው። ተምሳሌት ከዚያ ውስጥ ይወጣል እንጂ ከውጭ አይለጠፍም። ጭብጥማ ባንጠራውም ይመጣል።

ለዚህ ልማድ ቅኔን የሚወቅሱ አሉ። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነንና የተጻፈውን ትተን የተሸሸገውን እናሳድዳለን ይላሉ። አልስማማም። ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው የሚነግራችሁ ተቃራኒውን ነው፤ ሰሙ በራሱ እግር ካልቆመ ወርቁ አይወጣም። የቤተ ክህነቱ ትምህርትም ቢሆን ከንባብ ቤት ይጀምራል፤ ዜማና ቅኔ ይከተላሉ፤ ትርጓሜ መጻሕፍት የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። የአንድምታ መምህርም «አንድም» እያለ ፍቺ ከመደርደሩ በፊት ንባቡን ያስቀምጣል። እንግዲህ ችግሩ የወረስነው ነገር አይደለም። ከወረስነው ላይ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘለን የመጨረሻውን ብቻ መያዛችን ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። ያላነበበውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታልና ለሁላችንም ይቀርባል። የተለመደው ትንተና «መቼቱ ፊውዳላዊ ጎጃም ነው» ብሎ ያልፋል። እስቲ አንልፍና የፊታውራሪ መሸሻ ደጃፍ ላይ እንቁም። በዚያ ደጃፍ ማን ይገባል? ማንስ ይመለሳል? ሰብለ ወንጌልን ለማግባት የጠየቁት ይመለሳሉ፤ አባትየው ለዘራቸውና ለማዕረጋቸው የሚመጥን አላገኙም። ዓመቱ ይነጉዳል፤ በዘመኑ አቆጣጠር የልጅቱ የመዳሪያ ዕድሜ ያልፋል። ለባላባት ልጅ የተዘጋው ያው ደጃፍ ግን ለአንድ ወጣት ወንድ ክፍት ነው፤ ለአስተማሪዋ ለበዛብህ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከቁጥር አልገባም። ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ የድሀ ልጅ ነው፤ በጌታው ዓይን ከቤት አገልጋይ እምብዛም አይርቅም። እንዲህ ያለው ሰው ከጌታው ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያስተምር ማን ይጠረጥረዋል? ትዕቢት የዘጋውን በር ያው ትዕቢት ከፈተው።

ይህን ያየ አንባቢ «ጭብጡ አንደኛ ፍቅር፣ ሁለተኛ የመደብ ጭቆና» ብሎ ቁጥር እየሰጠ አይደረድርም። ፍቅሩን ያዋለደው የመደብ ሥርዓቱ ራሱ ነው፤ ለመቃብር ያበቃውም እሱ ነው። አንዱን ከሌላው ለይቶ መጻፍ አይቻልም። ይህ ሁሉ የተገኘው ደግሞ ከአንድ ደጃፍ ነው፤ የተሸሸገ ምስጢር አልፈታንም፤ ፊታውራሪው ማንን አስገብተው ማንን እንደመለሱ ልብ አልን እንጂ።

መንገዱንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። «መንገድ የሕይወት ተምሳሌት ነው» የሚለው መልስ ለየትኛውም መጽሐፍ ይሠራል፤ ለሁሉም የሚሠራ መልስ ስለዚህኛው ምንም አይነግረንም። በዚህ መጽሐፍ መንገድ ማለት በእግር የሚኬድበት፣ ወንበዴ የሚያደባበት ነው። በዛብህ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የሚመታው እዚያ ላይ ነው። ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ስትጠፋ የመነኩሴ ልብስ የምትለብሰውም የወይዘሮ ልጅ ብቻዋን በዚያ መንገድ መታየት ስለማትችል ነው። አሁን ልብሱን ተከተሉት። ሲጀመር መሸሸጊያ ነበር፤ ወደ ፍቅረኛዋ መድረሻ ብልሃት። እሱ ከሞተ በኋላ ግን ሰብለ ወንጌል የእውነት ትመነኩሳለች። ያ ማታለያ የነበረው ቆብ የቀሪ ዘመኗ ልብስ ሆነ። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ተምሳሌት ይህ ነው፤ በቴሌግራሙ ፋይል ዝርዝር ውስጥ ግን አይቼው አላውቅም። ምናልባት ልብስ ስለሆነ ይሆናል። እኛ ተምሳሌት ሲባል የሚታየን ወንዝና ተራራ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ወርቅ ፈላጊ በዝቶበታል። ይህኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው የሚለው ግምት የንባቡ ዋና ሥራ ሆኖ ኖሯል። መጽሐፉ ከገበያ መሰብሰቡ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱ ሲታሰብ በዚህ ማንንም መፍረድ አይቻልም። የምትረሳው ግን አስመራ ናት። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የሄደው ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ቅስቀሳ ሊሠራ ነው፤ ከተማዋን ሊያሳምን ሄዶ በከተማዋ ተሸነፈ፤ የሚወዳትን ፊያሜታንም ያገኘው እዚያው ነው። የስም ዝርዝሩን እየገመተ የሚያነብ ሰው ይህን ሽንፈት ሳያየው ሊጨርስ ይችላል።

ወደ እኛ ከተማ ልመለስ። ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት፤ ልብ ወለዶቻችን ውስጥም ገና አልገባችም ብል ማጋነን አይሆንም። ባነበብኳቸው ታሪኮች ውስጥ የምትገኘው ባብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነው። ጥንዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ሐይቅ ዳር ይቀመጣሉ፣ አሣ ይበላሉ፣ ይታረቃሉ ወይም ይጣላሉ፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳሉ። ሐይቁ ተነሥቶ ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ቢተካ ታሪኩ ላይ አንድ መስመር አይበላሽም። እንዲህ ያለውን ሐይቅ ነው «የሰላም ተምሳሌት» እያልን የምንተነትነው፤ ካላንደር ላይ ያለ ሥዕል ሆኖ ሳለ።

የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ወደ ከተማው አምጥቷል፤ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለት ከአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል፣ ስትወጣ ዋሽንግተን የተወሰነው ውሳኔ እዚህ የቤት ኪራይ ጥያቄ ሆኖ ደረሰ። እስቲ አስቡት፦ አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ወደ ጠዋቱ የምትወጣ ሁለት ሴቶች አንድ ፍራሽ ቢጋሩ፣ ጸሐፊው ምንም ሳይጨምርበት ያ ፍራሽ ተምሳሌት ይሆናል። የሌሊቷ ከሥራ ስትቀነስ ደግሞ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሌሊት ሊተኙበት ነው። ከዚህ በላይ ምን ወርቅ ይፈለጋል?

(መቼት ከተነሣ አይቀር፦ የሐዋሳ ገበያ ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀላቀሉ ይሰማል። ታሪኮቻችን ውስጥ ያሉት ባለ ሱቆች ግን ሁሉም የዜና አንባቢ አማርኛ ይናገራሉ። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋልና ልተወው።)

በቅርቡ ያነበብነው አንድ ረቂቅ ከካላንደሩ ሐይቅ በብዙ ይሻላል። የጻፈችው ተማሪ ናት፤ ገና ስላልታተመ ርእሱንም ስሟንም አልጠቅስም። ታሪኩ እንዲህ ነው። እናት ሐይቁ ዳር ባለው የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አሣ ትጠብሳለች። ልጅ ጠዋት ጠዋት ቆሮሶ የሚባለውን አሣ ስትልጥ ቆይታ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከመውጣቷ በፊት እጇን በሎሚ ታሻለች። ክፍል ውስጥ መስኮት ሥር ትቀመጣለች፤ መምህሩ ደብተር አድዪ ብሎ ሲያዛት ደግሞ ያመማት ትመስላለች። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ይህ የተጠቀሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ውይይቱ በተለመደው መንገድ ሄደ። ሐይቁ ነጻነት ነው ተባለ። ራሰ በራዎቹ ትልልቅ አሞራዎች ሞት ናቸው ተባለ። ሎሚው ንጽሕና ነው ተባለ። ወደ ወረቀቱ ስንመለስ ሐይቁ የተነሣው አንዴ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከዚያ ወደ ከተማው እንደሚመጣ ለመናገር። አሞራዎቹም የሚጣልላቸውን አንጀት ከመልቀም በቀር የሠሩት ነገር የለም፤ አሞራ ገደል አሞራ መኖሩ ደግሞ አይደንቅም።

ሎሚው ግን ይመላለሳል። መጀመሪያ ላይ እናት አንዱን ሎሚ ለሁለት ቆርጣ ግማሹን ለልጇ ትሰጣለች፤ ግማሹ ለደንበኛ ነው። ቀጥሎ ልጅቱ ደንበኛ ጨምቆት ሳሕን ላይ የተወውን ልጣጭ አንሥታ እጇን ታሻለች። በሦስተኛው ሎሚ የለም፤ ደንበኛ በዝቶ አልቋል። ለምን በዛ? ጾም ስለሆነ። አሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ሥጋና ወተት የተወ ሰው ወደ አሣ ያዘነብላልና ገበያው ይሞቃል። ለዚያ ቤት ብር የሚገባው፣ የልጅቱ ደብተርና ጫማም የሚገዛው ያኔ ነው። እጇ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ የሚሸተውም ያኔ ነው። የሚያስተምራትና የሚያሳፍራት ነገር ከአንድ ቅርጫት ይወጣል።

እዚህ ላይ «ሎሚው ንጽሕና ነው» ያለው ልጅ ጨርሶ አልሳተም። ግን የትኛው ሎሚ? እናት የቆረጠችው ስጦታ ነው። ከሳሕን የተነሣው ለእኔ ከልመና ይቀርባል። ያለቀው ደግሞ የገበያ መድራት ምልክት ነው፤ ያውም ጥሩ ዜና። አንድ ቃል ሦስቱን ሊሸከም አይችልም። ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ አስባበት እንደሆነ ጠየቅናት፤ ሎሚው እንዲያልቅ ያደረገችው ከእውነቱ እንዳይርቅ ብቻ ነው አለች። ለእኔ ይህ መልስ ትንተናውን አያፈርስም፤ ያጠናክረዋል። ቦታውን በትክክል ስለምታውቀው ተምሳሌቱ ሳትጠራው መጣላት።

መምህራን የሚሉኝን አውቃለሁ። ክፍል የሞላ ተማሪ ወረቀት ሲታረም «መንገድ = ሕይወት» ይቀላል፤ ወይ ትክክል ነው ወይ ስሕተት። እውነት ነው፣ ይቀላል። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ማውጣት ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። «ይህ ታሪክ አዳማ ላይ ቢሆን የትኛው ትዕይንት ይፈርሳል? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ያላነበበ ተማሪ ይህን ሊመልስ አይችልም፤ ከቴሌግራም የሚገለበጥም አይደለም። የአሣዋን ታሪክ በዚህ ስንፈትነው አንዱ «አዳማ ሐይቅ የለም» ብሎ በአጭሩ ሊዘጋው ሞከረ። ሌላዋ ግን አሣ ከቆቃ ወይም ከዝዋይ መጥቶ አዳማም ይጠበሳል ብላ ተከራከረች፤ በእሷ አባባል የሚፈርሰው ሌላ ነው፤ ጾሙ ቢወጣ ነው ታሪኩ የሚፈርሰው። ከቦታው ይልቅ ጊዜው እንደሚበልጥ ያየሁት በእሷ ንግግር ነው።

የቀረን ጠብ በዚችው የጾም ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ጸሐፊዋ ልታወጣት ትፈልጋለች፤ አንዳንድ አንባቢ ሃይማኖት የነካች ይመስለዋል ብላ ፈርታለች። እኔ ትቆይ ባይ ነኝ። ዓረፍተ ነገሯ ከወጣች ሦስተኛው ሎሚ ለምን እንደጠፋ የሚያውቅ አንባቢ አይኖርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንዱ ተነሥቶ «የሎሚው መጥፋት የተስፋ መጥፋት ተምሳሌት ነው» ማለቱ አይቀርም። እስካሁን አልተስማማንም።