መርከብ አላውቅም፣ ወረፋ ግን አውቃለሁ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከፊቴ አርባ የሚሆን ሰው አለ። ታክሲ የለም። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ስልክ ተደወለለት። አነሳና ኮራ ብሎ፣ «ደርሻለሁ፤ መገናኛ ነኝ» አለ።

ዞር ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። አላፈረም። እንዲያውም «ምን አገባህ?» በሚል ዓይን አፈጠጠብኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን አልፈው ነበር። ለ«ደርሻለሁ» እንግዳ አይደለሁም። ሻወር ቤት ሆኖ «ደርሻለሁ» የሚል ጓደኛ አለኝ። ውሃው ሲንፏፏ በስልክ ይሰማል። «ምንድነው እሱ?» ስለው «እዚህ ዝናብ ነው» ይለኛል። ይህን ሁሉ ችዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ሆድ ብሶኛል። ማታውን ሙሉ በዚሁ «ደረሰ» በሚባል ቃል ከአክስቴ ልጅ ጋር ስጨቃጨቅ ነው ያመሸሁት።

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው አሜሪካ ነው። በሰኔ ከባሏ ጋር በመርከብ የግሪክን ደሴቶች ልትዞር ነው። ገንዘቧ ነው፣ እሰየው። ማታ በቴሌግራም ደወለችና ፕሮግራሟን አነበበችልኝ። ምክር ፈልጋ አይደለም፤ እንድቀና ነው። እኔም ቡናዬን ይዤ ለመቅናት ተመቻችቼ ነበር።

«ሳንቶሪኒ በሰባት ሰዓት እንደርሳለን። አስጎብኚው ሰባት ተኩል ላይ ከተማ ውስጥ ይጠብቀናል።»

«ምሳ ሳትበሉ?» አልኳት።

ዝም አለች። ለካ የሷ ሰባት ሰዓት የኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የሚገርመው፣ በሰኔ የግሪክና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ነው። አንድ ደቂቃ አይበላለጥም። ሆኖም እኛ አንድ የምንለውን እነሱ ሰባት ይሉታል። ይሄ አልበቃ ብሎ «የመርከብ ሰዓት» የሚባል ሌላ ጣጣ አለ። መርከቡ የሚነሳው መርከቡ ላይ በታወጀው ሰዓት ነው። ስልክ ደግሞ የብስ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱን በራሱ ይቀይራል። ሁለቱ የማይስማሙባቸው ወደቦች አሉ። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ተጓዥ የእጅ ሰዓት አስሮ የሚወርደው።

«ከመርከቡ ወደ ከተማው በምንድነው የምትሄዱት?» አልኳት።

«በጀልባ ነው። መርከቡ ወደቡ ድረስ አይጠጋም። ትንሽ ነገር ናት፣ ደቂቃ አትፈጅም።»

እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀመጥኩ።

ሳንቶሪኒ ከእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተረፈች ደሴት ናት። መሃሏ ባሕር የገባበት ትልቅ ጉድጓድ ነው። ከተማዋ ፊራ የገደሉ አፋፍ ላይ ተሰቅላለች። ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ተጠግተው ሰው የሚያወርዱበት ቦታ የለም። ውሃውም አብዛኛው ቦታ ላይ መልሕቅ ለመጣል እንኳ የማይመች ጥልቅ ነው። ቤሊዝ የምትባል አገር ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ ውሃው ስስ ስለሆነ ትልልቆቹ መርከቦች ከከተማው ርቀው ይቆማሉ። አንዱ ጋ ውሃው በዛ፣ ሌላው ጋ አነሰ፤ ሰው የሚጉላላው ግን እኩል ነው። ተሳፋሪው በትናንሽ ጀልባ እየተጫነ ይወርዳል። ብዙ ቦታ ጀልባዎቹ እነዚያው ለክፉ ቀን ከመርከቡ ጎን የተሰቀሉት የነፍስ አድን ጀልባዎች ናቸው። ሳንቶሪኒ ላይ የደሴቲቱ ጀልባዎች መጥተው ያመላልሳሉ።

አንተ ይህን ከየት አወቅህ እንዳትሉኝ። መቅናት ዝግጅት ይፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ነበር።

ባሕር ግን አላውቅም። አገሬ ከባሕር የተለያየችው በ1985 ዓ.ም. ነው። ወደብ የላትም፣ መርከብ አላት። ጋራዡን አጥቶ መኪናውን እንደያዘ ሰው ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውሃ ባሕር ዳር ነው፤ ስሙ ባሕር ይባል እንጂ እሱም ሐይቅ ነው። ወደ ዘጌ ገዳማት ልንሻገር ስንል ጀልባ ነጂው «ሰው ይሙላ» ብሎ ፀሐይ ላይ አስጥቶን ነበር። ስንመለስ ነፋስ ተነስቶ ጀልባዋ ስትዘል ያልተሳልኩት ስለት የለም። የባሕር ትምህርቴ ይሄው ነው።

መርከብ አላውቅም። ወረፋ ግን አውቃለሁ።

ኮንዶሚኒየም ማለት እኮ መልሕቅ የጣለ መርከብ ነው። ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርቦ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ጭኖ፣ ከከተማው ርቆ ቆሟል። ከአራተኛ ፎቅ ሆነህ ከተማው ይታይሃል። ይታይሃል እንጂ አትደርስበትም። ጀልባህ ሚኒባስ ነው። ነፋስ ሲነሳ ጀልባው እንደሚቀረው ሁሉ፣ ዝናብ ሲጥል ሚኒባሱ ይሰወራል። ስለዚህ እህት ዓለም «ደቂቃ አትፈጅም» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

የመርከብ ወረፋ እንዲህ ነው። መርከቡ ቦታውን ስለያዘ ብቻ ሰው አይወርድም፤ መጀመሪያ የወደቡ ባለሥልጣናት ፈቃድ መስጠት አለባቸው። ከዚያ ጉብኝቱን ከመርከቡ የገዙት ቅድሚያ ያገኛሉ። ውድ ክፍል የያዘና ከኩባንያው ጋር ደጋግሞ የተጓዘ ደንበኛም እንደዚያው። እንደ አክስቴ ልጅ «የመርከቡ ውድ ነው፣ በራሴ እዞራለሁ» ያለው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠውና ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። ሳንቶሪኒ ላይ መውረጃውም ይለያል። ጉብኝቱን ከመርከቡ የገዙት አብዛኛውን ጊዜ አቲኒዮስ የሚባል ወደብ ይወርዱና አውቶብስ ይቀበላቸዋል። የቀረው ሕዝብ ከፊራ ሥር ያለው አሮጌ ወደብ ላይ ይራገፋል። ከዚያ ሽቅብ ነው። ወይ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ኬብል ካር፣ ወይ ከ500 በላይ ደረጃ በእግር፣ ወይ አህያ።

አዎ፣ አህያ። ልጅ ሆነን ከወፍጮ ቤት አህያ ነድታ ስትመጣ ጓደኞቿ እንዳያዩዋት በጓሮ የምትዞር ልጅ፣ ዛሬ ባሕር ተሻግራ፣ ገንዘብ ከፍላ አህያ ላይ ልትወጣ ነው።

«አንድ መርከብ ሦስት ሺህ ሰው ቢይዝ፣ አንድ ጀልባ መቶ ሰው ቢጭን፣ ሠላሳ ምልልስ ነው» አልኳት። «በሰባት ተኩል አንቺ ገና ሳሎን ውስጥ ወረቀትሽን ታሻሺያለሽ።»

«አንተ ልጅ፣ በሰባት ይደርሳል ተብሎ ተጽፏል እኮ!»

«መርከቡ ይድረስ። አንቺ መች ደረስሽ?»

እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ስህተት አትሠራም ነበር። አክስቴ ለአሥራ ሁለት ሰዓት አውቶብስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መናኸሪያ በር ላይ ቁጭ የምትል ሴት ነበረች። አንድ የምትወደው ተረት ነበራት፤ እኔም ከሷ ወርሼዋለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል።» መቀነቷን ስትታጠቅ ቆማ፣ ተረጋግታ፣ ዙሪያውን እየዳበሰች ነው። መቀነቷ ሲፈታ ያየ ሰው የለም። ለኔ ከዚህ ተረት የሚበልጥ የለም። ሌላው ተረት ሁሉ ወይ ስለ ጅብ ነው ወይ ስለ ዶሮ። ይሄኛው በቀጥታ ስለ አባዶ ነዋሪ ነው። ካልሲውን ሰልፍ ላይ ሲያደርግ ያየሁት ሰው አለ።

ሰልፍ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልተንፍስ። «ተራ ያዝልኝ» ብሎ የሚሄደው ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነው? አንድ ሆኖ ይቆማል። ታክሲው ሲመጣ አምስት ሆኖ ይገባል። ሚስት፣ እህት፣ የእህት ልጅ፣ አንድ ጆንያ። ተራ አስከባሪው አይቶ እንዳላየ ይሆናል። እኔ ከቤቴ በአሥራ አንድ ሰዓት የወጣሁት ጅል ስለሆንኩ ነው? እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። መርከቡስ ቢያንስ ውድ ክፍል የያዘው ሰው ቅድሚያውን በገንዘቡ ገዝቷል። የኛው ሰውዬ የገዛው ነገር የለም። የሰውን ጠዋት በነጻ ይወስዳል፣ ደግሞ «ምናለበት?» ይላል።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። መሄጃውን ተከራክረን ሳንጨርስ መመለሻውን አነበበችልኝ፤ እሱ ይብሳል። መርከቡ የሚነሳው በኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ነው። የመጨረሻው ጀልባ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይሄዳል። አስጎብኚው የሚለቃት ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው፤ ያውም አፋፉ ላይ። ኬብል ካሩ ራሱ የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ግን ያን ቀን ባሕሩ ላይ ሌሎች መርከቦችም ካሉ፣ ሁሉም ሰው ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ መውረድ ሲፈልግ፣ ሰልፉ ከሰዓት በላይ ሊያቆም ይችላል።

«ባንደርስ ይጠብቁናላ! ከፍለን አይደል እንዴ?»

አይጠብቁም። የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፣ ወይም በራሱ ወጪ ያደርሰዋል። በራሱ የሄደ ሰው በራሱ ነው። ደግ ከሆኑ ፓስፖርቱን ከክፍሉ አውጥተው ወደቡ ላይ ላለው ወኪላቸው ትተውለት ይሄዳሉ። ሻንጣው ጉዞውን ይቀጥላል። እሱ ቲኬት ገዝቶ እስከሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን ያሳድዳል።

ይህን የምናገረው አንብቤ ብቻ አይደለም። ደርሶብኛል። በመርከብ ሳይሆን በእድር ቅጥቅጥ።

ለቅሶ ደርሰን ከደብረ ብርሃን እየተመለስን ነበር። ሸኖ ላይ «አሥር ደቂቃ» ተባለ። ሸኖ ቆሞ ቅቤ የማይገዛ ሰው አለ? ሁሉም ወረደ። ሌላው አጠገቡ ካለችው ሴትዮ ገዝቶ ተመለሰ። እኔ ግን «በራሴ ፈልጌ፣ ንጹሑን አገኛለሁ» ብዬ ከመንገድ ዳር ወደ ውስጥ ገባሁ። ቀመስኩ፣ አሸተትኩ፣ ተከራከርኩ። ሁለት ኪሎ አስመዝኜ ስወጣ አስፋልቱ ባዶ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ሰብሳቢው «ሰው ተሟልቷል?» ሲል አውቶብሱ በሙሉ «ተሟልቷል!» ብሎ ጮኸ። ወንበሬ ላይ የጎረቤቴ ጋቢ ተቀምጦ ነበር። ጋቢው እኔ ሆኖ ተቆጠረ።

በግ የጫነ አይሱዙ ላይ ተለምኜ ተሳፈርኩ። ለገጣፎ ስደርስ መሽቷል። እኔና በጎቹን በጠረን የሚለየን አልነበረም። እድሩ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ሳያሳውቅ ከጉዞ በመለየት» ብሎ ቀጣኝ። ቅጣቱን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ እስካሁን አለኝ። ቅቤው ቤት ገብቶ ሲነጠር ደግሞ ሙዝ ሙዝ ይሸት ጀመር። ባለቤቴ አንድም ነገር አልተናገረችም። ያ ዝምታ ከቅጣቱ ይከብዳል።

ታሪኩን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ግን ትንሽ ዝም አለችና ወረቀት ስትገልጥ ተሰማኝ። አስጎብኚውን ወደ አሥር ሰዓት ልታዘገየው ነው፤ የኛን አራት ሰዓት ማለቷ ነው። ጀልባ ላይ ስትሳፈር እንድትደውልለትም ተስማምታለች። ጎበዝ። መመለሻውን ግን ያሻሻለችው በሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። «ከዚያ በላይ ከቆረጥኩ የፀሐይ መነጽር የምገዛበት ጊዜ አይኖረኝም» አለች።

«ለመሆኑ ላንተ ምን ላምጣልህ?»

«ምንም። ብቻ ቅቤ ልግዛ ብለሽ ወደ ውስጥ እንዳትገቢ።»

ያን ሰውዬ ረሳሁት እኮ። ታክሲው መጣ፣ ተጋፍተን ገባን፣ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ሲኤምሲ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም እንደገና ተደወለለትና «እዚሁ ነኝ አልኩህ እኮ፣ ቆሜ እየጠበቅኩህ ነው» ብሎ ተቆጣ። መገናኛ ስንወርድ ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። አሁን በተራው እሱ ደወለ።

«አንተ፣ የት ነህ?»

ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁት። «ደርሻለሁ» ይላል ከወዲያ ያለው። ከኋላው ዶሮ ይጮሃል።