ስንት ግብ አለው? አትበሉኝ

ሰው በስንት ነገር ይናደዳል፤ በቤት ኪራይ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ ወጥ ተጥዶ በሚጠፋ መብራት። እነዚህ ሁሉ እኔም ቤት አሉ። ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኳስ መጫወት ካቆመ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ራሰ በራ እንግሊዛዊ ተከላካይ ነው። ባለቤቴ «ምን ሆነህ ነው የምትገላበጠው?» ስትለኝ «ስለ ስቲቭ ቦልድ እያሰብኩ ነው» ማለት አፈርኩና «ጨጓራዬን ነው» አልኳት።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ሁልጊዜው የምንደግፈው የእንግሊዙ አርሰናል ጨዋታ ካለቀ በኋላ ነው። ኳስ ከምናይበት ቤት ወጥተን አጠገቡ ካለችው ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዱ ወጣት ስልኩን አወጣና «በአርሰናል ታሪክ ኳስ በግንባር በመግጨት አንደኛው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጠየቀ ልበል እንጂ መልሱን ይዞ ነው የመጣው፤ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ። የአርሰናሉ ተከላካይ ገብርኤል ሲዘል፣ ገብርኤል ሲገጭ፣ ገብርኤል ደረቱን እየደቃ ሲሮጥ።

ገብርኤልን እንዴት ልጥላው? በ2024 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ኳሱም የእነሱ ነው) በቶተንሃም ሜዳ ሳካ ያሻማውን የማዕዘን ምት ገጭቶ 1 ለ 0 ያሸነፍነው በእሱ ነው። በሳምንቱ ማንቸስተር ሲቲ ላይም ያንኑ ደገመው። ግን የማዕዘን ምት ባገኘን ቁጥር ኒኮላ ዦቨር የሚባል የቆሙ ኳሶች አሠልጣኝ ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፤ ግማሹ ቡድን ግብ ጠባቂውን ከብቦ መንገድ ይጠርጋል። ገብርኤል ሲያገባ የምናየው ገብርኤልን ብቻ ነው። የእኔ ብሶት እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ሌላው አጥቂውን ዢሩን ጠራ። እሺ፣ ዢሩ ይሁን። በ2017 መጀመሪያ በርንማውዝ ሜዳ 3 ለ 0 ተመርተን ቆይተን በመጨረሻ 3 ለ 3 ያደረገን የእሱ ግንባር ነው። ከጥግ የተቀመጠው ደግሞ «መርተሳከር!» ብሎ ጮኸ። ለምን ብለው «ቁመቱ!» አለኝ። አንድ ሜትር ከ98! ቁመት ግንባር ቢሆን ኖሮ የመብራት ምሰሶ በየሳምንቱ ሐትሪክ ይሠራ ነበር። ሰውየው በ2014 በእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ (ኤፍ ኤ ካፕ) ግማሽ ፍጻሜ ዊጋን ሊጥለን ሲል በግንባሩ ስላዳነን አመሰግነዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አታስጨንቁኝ። አንዱማ ሄንሪን ጠራ። ሄንሪን! 228 ግብ ለአርሰናል ያስቆጠረ፣ ኳስ ከአንገቱ በላይ ስትመጣ ግን ያልተጋበዘ እንግዳ የመጣበት የሚመስል ሰው። ማኪያቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ገንዘቡን ስላልከፈልኩ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ እኔም ወደ ኋላ ሄድኩ። ሬይ ኬኔዲ አልኳቸው። ግንቦት 3 ቀን 1971 በቶተንሃም ሜዳ፣ ሊጉ በዚያ ጨዋታ ሊወሰን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አርምስትሮንግ ያሻማውን ኳስ ኬኔዲ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ ገጫትና ዋንጫውን በጠላት ሜዳ ወሰድን። ልጁ ስልኩን እያየ «ጋሼ፣ ያኔ እኮ እኔ አልተወለድኩም» አለኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱም አልተወለድክም፤ እሳቸውን እንዴት አወቅካቸው? ደግሞስ እኔ መች ተወልጄ ነበር?

ስለ ተከላካዩ አንዲ ሊኒገን ነገርኳቸው። የ1993 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ድጋሚ ጨዋታ፣ ከሼፊልድ ዌንስዴይ ጋር። ቀደም ሲል በክርን ተመትቶ አፍንጫው ተሰብሯል። በተጨማሪው ሰዓት 119ኛው ደቂቃ ላይ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመጣ ሲል፣ መርሰን ከማዕዘን አሻማ። አፍንጫህ ተሰብሮ ፊትህን ወደ ኳስ ትሰጣለህ? እኔ ጥርሴን ሲያመኝ እንጀራ እንኳን በአንድ በኩል ነው የማኝከው። እሱ ግን ገጫት፤ ግብ ጠባቂው እጁ ላይ ደርሳ እንኳን ሊይዛት አልቻለም። በረንዳው ላይ ማንም ምንም አላለም፤ አንዱ ሂሳብ ጠራ።

ለአጥቂው አለን ስሚዝ ግን ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ግንቦት 26 ቀን 1989፣ አንፊልድ። ሊቨርፑልን በሜዳው በሁለት ግብ ልዩነት ካላሸነፍን ዋንጫ የለም። ከዕረፍት መልስ ዊንተርበርን ቅጣት ምት መታ፤ ሌላ ሰው ሳይነካት መረብ ብትነካ ግብ የማትሆን ዓይነት ቅጣት ምት። ስሚዝ ነካት። ግን እንዴት አድርጎ! የሊቨርፑል ተጫዋቾች ዳኛውን ከብበው «ማንም አልነካትም» ብለው ሞገቱ፤ ዳኛውም ሄዶ የመስመር ዳኛውን ጠየቀና አጸደቃት። አያችሁ? ግንባር ማለት ሁልጊዜ ግንድ እንደሚፈልጥ ሰው አንገትን ወደ ኋላ ወስዶ መደብደብ አይደለም። መነካቷ እንኳን ሙግት የሚያስነሳ ንክኪ አለ።

ወደ ቦልድ ያመጣኝም ይኸው ንክኪ ነው። «የእኔ አንደኛ ስቲቭ ቦልድ ነው» ስል ሳቁ። «ጋሼ፣ ስንት ግብ አለው?» አለ ልጁ። ከ1988 እስከ 1999 አርሰናል ቤት ቆይቶ ግቦቹ አሥር እንኳን አይሞሉም። አውቃለሁ! እሱን ላስረዳ ስል ነው የሳቃችሁብኝ!

የስኳር መያዣውን ጎትቼ «ይህ የመጀመሪያው ቋሚ ነው፤ ለማዕዘኑ የሚቀርበው የግብ ብረት» አልኩ። የለስላሳ ቆርኪ ፊቱ አስቀመጥኩ፤ ቦልድ። ባዶ ሲኒ ከወዲያ ማዶ፤ ሌላው ተከላካያችን ቶኒ አዳምስ። ጆርጅ ግራሃም ያሠለጠነው አርሰናል የማዕዘን ምት ሲያገኝ ኳሷ ጠንክራና ዝቅ ብላ ወደ መጀመሪያው ቋሚ ትመጣለች። ቦልድ ግቡን አያየውም፤ ጀርባው ለግቡ ነው። ኳሷን ቢገጫት ወደመጣችበት ትመለሳለች፤ ቢተዋት ትወጣለች። የሚያደርገው በአናቱ ዳበስ አድርጎ መንገዷን ትንሽ ማስቀየር ብቻ ነው። ግብ ጠባቂው ወደ ቦልድ ሲሄድ ኳሷ ከኋላው አልፋ ሁለተኛው ቋሚ ላይ ትገኛለች፤ እዚያ አዳምስ ወይም ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። አገር ሁሉ እንደሚመጣ ያውቀው ነበር፤ ማወቁ ግን አላዳነም። ይህንን በቆርኪዋ ላሳይ እጄን ስዘረጋ አስተናጋጇ «ይነሣ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ የመጀመሪያውን ቋሚ ይዛ ሄደች። ሳቁ ሌላ ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ።

ይህ ሁሉ ደግሞ በተጋጣሚ ግብ ፊት ስለሚሠራው ነው። በራሱ ሳጥን ውስጥ ለ90 ደቂቃ እየዘለለ ያወጣውንስ ማን ቆጠረ? የተሻማ ኳስ ከሳጥን ሲወጣ ካሜራው ወዲያው ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል፤ ያወጣት ሰው መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በመርሳት በሽታና በመሰል የአንጎል ሕመሞች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው 3.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። በኋላ በየቦታቸው ለይተው ሲያዩም የባሰባቸው ተከላካዮች ነበሩ። ዋጋውን በጭንቅላታቸው የሚከፍሉት እነሱ፤ የምርጦች ዝርዝር ሲወጣ ግን አጥቂ ብቻ ነው የሚደረደረው። በ2006 የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ፓሪስ ላይ፣ በአሥር ሰው ስንጫወት፣ ሄንሪ ያሻማውን ቅጣት ምት ገጭቶ ባርሴሎና ላይ ያገባው ሶል ካምቤልም ተከላካይ ነው። እሱን የሚጠሩትም ስላገባ ብቻ ነው። ያን ማታ ግን 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም።

እንግዲህ እንቅልፍ ያጣሁት በዚህ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ንዴቴ ሊበርድ ሲል ስልኬ ጮኸ፤ ልጁ ነው። የቆየ፣ ምስሉ የደበዘዘ ቪዲዮ ልኮልኛል። የማዕዘን ምት፣ የመጀመሪያው ቋሚ፣ የሚያብረቀርቅ ራስ፣ ዳበስ፣ ግብ። ልቤ ሞቀ። ልፍለጥ ልቁረጥ ባይ ወጣት ተቀምጦ ፈልጎ አገኘው ማለት ነው! ከሥሩ የጻፈውን አነበብኩ፦

«ጋሼ፣ አየሁት። በጣም ጎበዝ ነው። ግን እኮ ያገባው ሌላ ሰው ነው።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ጨጓራህ ተሻለህ?» አለችኝ።

ተሽሎኝ ነበር።