ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ማስያዣ

ለክቡር ማስያዣ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሌለኝን ንብረት እንዳቀርብ መጠየቄን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ አነስተኛ ዳቦ ቤት ለመክፈት አስቤ ድጋፍ በማፈላለግ ላይ ሳለሁ፣ በሄድሁበት ቢሮ ሁሉ ከእኔ ቀድመው ተቀምጠው ስለማገኝዎት፣ ይህን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ ከገንዘብ በስተቀር ማንም ምንም እንዳልነፈገኝ ልመስክር። የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ቢዝነስ ፕላን አዘጋጅቻለሁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥቻለሁ፤ «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራም ሳይቀር ተሰጥቶኛል። ብድሩ ላይ ስንደርስ ግን የእርስዎ ስም ተነሣ። የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ካለኝ እንዳቀርብ፣ ከሌለኝ ደግሞ ቋሚ ደመወዝተኛ ዋስ እንዳመጣ፣ ዋሱም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንዲያጽፍና ደመወዙ በሌላ ሰው ብድር ያልተያዘ እንዲሆን ተነገረኝ። ቤትና መኪና ያለው ሰው ሊጥ ለማቡካት በሌሊት የሚነሣው ለምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ባለሙያዋ መመሪያውን አገላብጠው ስለዚህ የሚለው ነገር እንደሌለ በትሕትና ገለጹልኝ።

የቡድን ዋስትና የሚባል አማራጭም አለ፤ ምንም የሌለን ሰዎች ተሰብስበን፣ ምንም ለሌላቸው ሰዎች ዋስ የምንሆንበት ነው። ጓደኞቼ ሐሳቡን ወደውት ነበር። የአንዱ ዕዳ የሁሉም ዕዳ እንደሚሆን ሲረዱ ግን ስልካቸው ዝግ ሆነ።

ተስፋ ሳልቆርጥ ሕግ አገላበጥሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ከብት፣ ሰብልና ማሽን ሳይቀር ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ መፍቀዱን ሳነብ፣ የእርስዎ ዘመን ያበቃ መስሎኝ አዋጁን አሳትሜ ሄድሁ። የብድር ኦፊሰሩ አዋጁን አልተቃወሙም። የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ የት እንዳለ ብቻ ጠየቁኝ። ማሽኑ የሚገዛው እሳቸው በሚሰጡኝ ብድር መሆኑን ብነግራቸው ፋይሉን ዘጉት።

ከእርስዎ ሸሽቼ ወደ ሠፈራችን ዕቁብ ገባሁ፤ ዕጣው ቀድሞ ሲደርሰኝ ዳኛው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዋስህ ማን ነው?» የሚል ነበር። ባሉበት ብዬ የጻፍሁልዎት የሌሉበት ቦታ ስለጠፋኝ ነው።

ክቡርነትዎ እንዲወገዱ አልጠይቅም፤ ባንክ ያበደረውን ማስመለስ እንዳለበት አውቃለሁ። የምጠይቀው የመቀመጫ ለውጥ ብቻ ነው፦ ከመጨረሻው መስኮት ተነሥተው ሥልጠናው በሚሰጥበት አዳራሽ በር ላይ ቢቆሙና ካርታ የሌለንን ገና ስንገባ ቢመልሱን፣ እኛም ቀን ባላቃጠልን፣ ካናቴራውም ለባለ ካርታዎቹ በተረፈ ነበር።

ከሠላምታ ጋር
ዳቦ ጋጋሪ (በዕቅድ ላይ)

ግልባጭ፦
ለቡድን ዋስትና ጓደኞቼ፤ ስልክ ስለማያነሡ በጽሑፍ ይድረሳቸው።