ፀጉሬን እንደበቀለ የሚቆርጥልኝ አጣሁ

መቀሱ ገና ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ጎንደር ማራኪ ባለው የኪራይ ቤቴ፣ መስታወቴን በውኃ ጀሪካን ላይ አስደግፌ ፀጉሬን ለአራተኛ ጊዜ በገዛ እጄ ቆረጥኩ። ዛሬ ጠዋት ሳየው የቀኙ ጎን ከግራው ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ተናድጃለሁ። ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ አራዳ ለሚሄድ ሰው የሴቶች ፀጉር ቤት ማስታወቂያ ከዓይኑ አይጠፋም። በዚህ ሁሉ ፀጉር ቤት መካከል ጥቅልል ፀጉሬን እንደበቀለ፣ ሳይጎትት፣ ሳይተኩስ የሚቆርጥልኝ አንድ ሰው አጥቼ ነው መቀስ የያዝኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ፀጉር ቤት የሄድኩት የከተራ ዋዜማ፣ ጥር 9 ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ወረፋው ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንግዳው ከአራቱም ማዕዘን ይገባል፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላልና ፀጉሩም ከቀሚሱ አያንስም። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ «ጫፉ ተሰነጣጥቋል፤ ሦስት ጣት ያህል ብቻ ቁረጪልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አልኳት። ልጅቱ ፀጉሬን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችና ወደ ባልደረባዋ ዞራ «ይኸ መጀመሪያ ፔስትራ ካልሆነ አይቆረጥም» አለች፤ በሙቀት ተጎትቶ ካልተዘረጋ ማለቷ ነው። ለእኔ አልነገረችኝም። የፀጉሩ ባለቤት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስለ ፀጉሬ ለሌላ ሰው ነገረች።

«እንዳለ ቁረጪልኝ እባክሽ እኅቴ» ብዬ ለመንኩ። በገዛ ፀጉሬ፣ በገዛ ገንዘቤ ለመንኩ። «እንዳለማ እንዴት ይቆረጣል? መሥመሩ አይታይም እኮ» አለችኝ። ከኋላዬ አሥር ሴት ተሰልፏል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቄአለሁ፣ ተሸነፍኩ።

ታጠበ። ከዚያ በጥቃቅን ጥርስ ማበጠሪያ ከሥሩ ጀምራ ወደ ጫፉ ሞሸለቀችው። ጥቅልል ፀጉር ያላት ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ማበጠር የሚጀመረው ከጫፍ ነው፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ወደ ሥር ይወጣል እንጂ ከሥር ወደ ታች ከተጎተተ ቋጠሮው ሁሉ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይበጠሳል። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ታገሥኩ። ፔስትራው ሲጀመር ደግሞ ያ ሽታ መጣ፣ በእሳት የሚለበለብ የበግ ጭንቅላት ሽታ። ግማሹ ሲያልቅ መብራት ጠፋ። ግማሽ ራሴ እንደ ጅራፍ ተዘርግቶ፣ ግማሹ ተጠቅልሎ አርባ ደቂቃ ቁጭ አልኩ። መብራቱ ሲመለስ ሥራው ተፈጸመ፤ መቀሱን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጋ አሻገረችው። ፀጉሬ ትከሻዬን አልፎ ወረደ። በቤቱ የነበሩት ሁሉ «ውይ ሲያምር!» አሉ። 250 ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ጥር 11 ጠዋት ጥምቀተ ባሕር ነበርኩ። ካህናቱ ውኃውን ባርከው መርጨት ሲጀምሩ እንደ ሰው ሁሉ እልል እያልኩ ወደ ፊት ተጠጋሁ፤ ጠበሉ ራሴ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እጄ ነው ያወቀው። ፀጉሬ እየተሰበሰበ፣ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ወጣ፤ በአንድ በኩል ጆሮዬ ሥር ቆመ፣ በሌላው በኩል አንገቴ ላይ ቀረ፣ አናቴ ላይ ደግሞ እንደ ቁንጮ ቆመ። ያን ቀን ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ ቀኑን ሙሉ አላወረድኩትም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ በዓል ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በኋላ አንብቤ ተረዳሁ፤ ነገሩ ምሥጢር አይደለም። የፀጉርን ቅርፅ በዋናነት የሚይዙት ሁለት ዓይነት ማሰሪያዎች ናቸው። አንደኛው ደካማ ነው፤ በውኃና በሙቀት ይፈታል፣ ሲደርቅ ወይም ሲቀዘቅዝ እንደገና ይታሰራል። ሁለተኛው የድኝ ማሰሪያ ነው፤ እሱን የሚፈታው በአብዛኛው ጠንካራ ኬሚካል ነው። ፔስትራና ካውያ የሚፈቱት ደካማውን ነው። ስለዚህ ውኃ በነካው ቅጽበት ፀጉሩ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። መመለሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ የሚመለስ መሆኑ እየታወቀ እንደማይመለስ ተቆጥሮ መቆረጡ ነው። ደግሞ አንድ ራስ ላይ ያለ ፀጉር አንድ ዓይነት አይደለም። የእኔ ማጅራቴ ላይ ያለው ጥቅል ላላ ያለ ነው፣ ጣቴን ያስገባል። አናቴ ላይ ያለው ግን እንደ እስክሪብቶ ሞላ የጠበበ ነው። ሁለቱንም ስትጎትቷቸው እኩል ይወርዳሉ፤ ስትለቋቸው የአናቱ ከግማሽ በታች ይሆናል፣ የማጅራቱ ግን ትንሽ ብቻ ይሰበሰባል። ተጎትቶ እኩል የተቆረጠ ነገር ሲለቀቅ እኩል ሊሆን አይችልም። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም፣ አንዲት ጥቅል ይዞ ለቀቅ አድርጎ ማየት ይበቃል።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ይህ ፀጉር ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። አገር ምድሩ ይህን ፀጉር ይዞ ነው የሚወለደው! ቋንቋችን ግን ገና ከጅምሩ ፈርዶብናል። ሲያሞግስ «ፀጉረ ዞማ» ይላል፣ ሉጫውን ያደንቃል። ሲሰድብ «ከርዳዳ» ይላል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ከርዳዳ ተብዬ እንደተጠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ያንኑ ፀጉር ደግሞ ፔስትራ ከተደረገ በኋላ በቢጉዲን (በፀጉር መጠቅለያ) ጠቅልለው፣ ካስክ (የፀጉር ማድረቂያ) ውስጥ አስገብተው ጥቅልል ያደርጉትና ገንዘብ ይቀበሉበታል። የተፈጥሮውን ጥቅል አጥፍቶ ሌላ ጥቅል መሥራት ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ይህን ፀጉር የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። እኔ ያደግኩት አክስቴ ጉልበት መካከል ተቀምጬ ሹሩባ እየተሠራሁ ነው። አክስቴ በወስፌ ስትከፍለው መሥመሩ እንደ ክር ቀጥ ይል ነበር፣ «መሥመሩ አይታይም» ብላ አታውቅም። የትኛው ጎን እንደሚሳሳ፣ የትኛው እንደሚያም፣ ለጋ ቅቤ የት ላይ በዛ ማለት እንዳለበት በጣቷ ታውቃለች። የቅቤው ነገር ራሱ ዕውቀት ነበረው፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በተጠማዘዘ ፀጉር ላይ እስከ ጫፉ መውረድ ስለሚያዳግተው ጫፉ ይደርቃል፣ ቅቤው ያንን ይሞላል። አክስቴ ግን መቀስ አትይዝም፤ ሹሩባ ሠሪ ትሠራለች፣ ትፈታለች እንጂ አትቆርጥም። ፀጉሬን የሚያውቁት መቀስ አይዙም፤ መቀስ የያዙት ፀጉሬን አያውቁም። ወንዶች ፀጉር ማስተካከያ ቤትም ሞክሬአለሁ። ሰውየው በትሕትና ነው የመለሰኝ፤ «እኅቴ፣ እኔ በማሽን ማሳጠር ነው የማውቀው» አለኝ። ቢያንስ የማያውቀውን አላውቅም አለ፣ አከበርኩት።

አፄ ቴዎድሮስን በሥዕልም በሐውልትም የምናውቃቸው በሹሩባቸው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ያ ቁራጭ ፀጉር ለንደን በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ። ዜናውን የሰማሁ ቀን አልቅሻለሁ። አንድ ቁራጭ ፀጉር ከ150 ዓመት በኋላ ከባሕር ማዶ ይመለስልን ብለን የጠየቅን ሰዎች ነን፤ ፀጉር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ታዲያ በሕይወት ባለች ሴት ራስ ላይ ሲሆን «ይኸ አይቆረጥም» የሚባለው ለምንድን ነው?

እንግዲህ ከጥምቀት ወዲህ ራሴ እቆርጠዋለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ጥፋት ነበር፤ በወጥ ቤት መቀስ፣ ከታጠብኩ በኋላ እንደረጠበ ቆረጥኩት። እርጥብ ፀጉር ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያሰብኩት ሁለት ጣት አምስት ጣት ሆነ። በማግስቱ ጎረቤታችን በር ላይ አየችኝና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን በድንገት ካሳጠረች ሐዘን ደርሶባታል ማለት ነው። እናቴ አዘዞ ድረስ ወሬው ደርሷት ደወለች። የሞተ ሰው እንደሌለ ለሦስት ቀን ለሰው ሳስረዳ ከረምኩ። እናቴ ከተረጋጋች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የተቆረጠውን የት ጣልሽው?» አለችኝ። ሜዳ ላይ እንዳልጣልኩት ስነግራት እፎይ አለች።

ከዚያ ወዲህ ተምሬአለሁ። 400 ብር አውጥቼ የፀጉር መቀስ ገዛሁ፤ ወረቀትም ጨርቅም አልቆርጥበትም፣ ምክንያቱም የደነዘዘ መቀስ ጫፉን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ጫፍ ደግሞ ወዲያው ይሰነጠቃል። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የመጣ ቀን እታጠባለሁ፣ ፀጉሬ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ሳልነካው እቆያለሁ፣ በማግስቱ ማታ ጋዜጣ አንጥፌ እቀመጣለሁ። አንዲት ጥቅል እወስዳለሁ። አልጎትታትም፤ ጫፏን በሁለት ጣት ይዤ ራሷ ወደምትታጠፍበት ቦታ እከተላታለሁ፣ እዚያ ላይ እቆርጣለሁ። ቀጭን ድምፅ አላት፣ ጭስስ ትላለች። የወደቀችው ጋዜጣው ላይ ቀለበት ሠርታ ትቀመጣለች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ፊቴና ጎኖቼ ላይ እጄ ያውቃል። ኋላዬ ግን ጭንቅ ነው። ስልኬን መስኮት ላይ አቁሜ በካሜራው አያለሁ፣ ከፊቴ ደግሞ መስታወቱ አለ፤ ወደ ቀኝ ሳስብ እጄ ወደ ግራ ይሄዳል። ዘጠናኛዋ ጥቅል ላይ ስደርስ ክንዴ ዝሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትናንት የቀኙ ጎን ያጠረው እዚያ ላይ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ያጠረው ጎን የጎደለበትን ሁለት ጣት እስኪያበቅል ሦስት አራት ወር እጠብቃለሁ።

አንዲት በዚህ ሙያ የሠለጠነች ጓደኛ አለችኝ። የተለማመደችበትን የአሻንጉሊት ራስ አሳየችኝ፤ ፀጉሩ ሉጫ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሉጫ ፀጉር ቆርጣ ተመረቀች፣ ከዚያ ጎንደር ላይ ሥራ ጀመረች። እሷን አልወቅስም። እሷም ጥቅልል ፀጉር ያላት ናት፣ የራሷን እንኳ ማንም አላስተማራትም። ግን ጥያቄ አለኝ፤ አሠልጣኞች፣ ባለ ፀጉር ቤቶች፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደንበኛችሁን «ፀጉርሽ ሲደርቅ እንዴት ነው የሚቀመጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደረቁን እዩት። እንዳለ ቁረጡት። የፔስትራውን ዋጋ ጨምራችሁ አስከፍሉኝ፣ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። ፔስትራ ለሚወድ ይሁንለት፤ እኔ የጠላሁት ግዴታውን ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ ያስጻፈኝ የእኅቴ ልጅ ናት። 11 ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለጓደኛዋ ልደት ብላ ፀጉር ቤት ወሰዷት። ጫፉን ለማስተካከል ነበር። እንደ እኔው «መጀመሪያ ይተኮስ» ተባለ። ማታ እኔ ዘንድ ስትመጣ ጆሮዋ ጫፍ ላይ የካውያው ምልክት ነበር፣ የምስር ፍሬ የሚያክል ውኃ ቋጥሮ። አላለቀሰችም። የነገረችኝ ሴትዮዋ የተናገረችውን ነው፤ «ፀጉርሽ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው የነካሽ» ብላታለች። እንግዲህ ፍረዱ! ካውያው ሳይሆን ፀጉሩ ጥፋተኛ ሆነ፣ የ11 ዓመት ልጅ ይህን አምና መጣች።

ቫዝሊን ቀባሁላት። ትናንት ማታ ስቆርጥ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኩን ትይዝልኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ጋዜጣው ላይ ከወደቁት ጥቅሎች አንዷን አንሥታ ጣቷ ላይ አጠለቀቻትና «የኔንም እንደዚህ ትቆርጪልኛለሽ?» አለችኝ። ቅዳሜ ውኃ ይመጣል። አጥቤላት እኔ ዘንድ ታድራለች፣ እሑድ ከቁርስ በኋላ እንጀምራለን።